ባዚቃ የማያስፈልገው ወርቅ ማጠቢያ

ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ «አቤት» የማይል ተማሪ ካለ ጓደኞቹ የት እንደሄደ ይነግሩኛል፤ «ወርቅ ወርዷል» ይላሉ። ከእነዚህ አንዱ ከቀናት በኋላ ተመልሶ በሽቶ ጠርሙስ የያዘውን የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ አሳየኝ። ባዚቃ (ሜርኩሪ) ነበር። የወርቅ ብናኝ ይሰበስብበትና እናቱ ቡና በምታፈላበት ከሰል ላይ ሊያተነው አስቧል።

«ተው» ብቻ ብለው ምን ይጠቅማል? ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያው ነው። በአሶሳ ዙሪያም ሆነ በጉጂ ሻኪሶ ወርቅ በእጅ ማጠብ የብዙ ቤት መተዳደሪያ ነው። ስለሆነም ጥያቄውን ወደ ክፍል ወሰድነው፤ ወርቅን ያለ መርዝ መለየት አይቻልምን?

መልሱ ክብደት ላይ ነው

ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን 2.6 እጥፍ ያህል ብቻ። ወራጅ ውሃ አሸዋውን ሲወስድ ወርቁ ይሰምጣል። በገበቴ የሚያጥቡ እናቶች ይህን እጃቸው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ገበቴ በአንድ ጊዜ የሚያጥበው ጥቂት ነው።

አሠራሩ

1.5 ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሳንቃ ግራና ቀኝ 20 ሳንቲሜትር ቁመት ያላቸው ጣውላዎች ይመታሉ። ሁለቱ ጫፎች ክፍት ይሁኑ። ወለሉ ላይ ጸጉራም አሮጌ ምንጣፍ ይነጠፋል። በላዩ ላይ 2 ሳንቲሜትር ከፍታ ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እንደ መሰላል ተያይዘው በአግድም ይቀመጣሉ። ውሃው እያንዳንዱን እንጨት ሲሻገር ከኋላው ስለሚሽከረከር ከባዱ ነገር እዚያ ይቀራል።

የውሃ መግቢያው ጫፍ ከመውጫው 12 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። ጭቃ ያለበት አፈር በቅድሚያ በባልዲ ይታሽ፤ የጭቃ እንክብል ወርቁን ይዞ ይሄዳልና። ድንጋዩ በወንፊት ይለይ። አፈሩም ጥቂት በጥቂት ይጨመር። ተዳፋቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ከታች የወጣውን አሸዋ በገበቴ እጠቡት፤ ወርቅ ከተገኘበት ሳጥኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

በመጨረሻ ምንጣፉ በባልዲ ውስጥ ይታጠባል፤ የቀረውም በገበቴ ይጣራል። ከደረቀ በኋላ በፌስታል የተጠቀለለ ማግኔት ከጥቁሩ አሸዋ አብዛኛውን ያነሳል።

ባዚቃ ለምን ይፈራል?

በእሳት ሲተን ሽታ የለውም፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠረጥር ይተነፍሰዋል። ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ በማሕፀን ያለ ሕፃን ላይ ደግሞ ይብሳል። ወንዝ ከገባ ዓሣው ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ማዕዳችን ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሚናማታ የተባለው፣ ነዋሪዎቿ በዚህ መርዝ በተጎዱባት የጃፓን ከተማ ስም ነው።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ሳጥን እጅግ የደቀቀው ብናኝ ሊያመልጥ ይችላል። ነገር ግን ለዚያች ቅንጣት የእናትን ሳንባ መክፈል ምን ዓይነት ትርፍ ነው?

ወላጆች ሆይ! የማምረቻ ፈቃድ ከክልሉ ይጠየቅ፤ ልጆችም ጉድጓድ አይውረዱ፣ አፈር ይናዳልና። ከተገኘው ወርቅ የሚወጣውን ዘካ በተመለከተ ዑለማዎችን ጠይቁ።

የተማሪዬ ጠርሙስ በጥብቅ ተከድኖ ለጤና ባለሙያ ተሰጠ። ሳጥኑን አባቱ ከእርሱ ጋር ሠሩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱን ያግዛል፤ ሰኞ ስሙን ስጠራም «አቤት» ይላል። አላህ ሲሳያችንን ሐላልና ጤናማ ያድርግልን።