ማሲንቆ ከቤዝ ጊታር ጋር ሲገናኝ

ማሲንቆ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። አራት እንጨት ተጋጥሞ በማዕዘኑ የቆመ ሳጥን፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ ረጅም አንገት፣ አናቱ ላይ አንዲት መቃኛ፣ ከመቃኛዋ እስከ ሳጥኑ ግርጌ የተዘረጋ የፈረስ ጭራ። የደጋኑም ጭራ ያው የፈረስ ነው። ጭራ ከጭራ ሲፋተግ ድምፅ እንዲይዝ ሙጫ ይቀባል። ክረምት ገብቶ የጎጃም ደጋ ሲረጥብ ቆዳው ይላላል፣ ድምፁም ይደፈናል፤ ባለሙያው ወደ ጨዋታው ከመግባቱ በፊት እሳት ዳር ያሞቀዋል።

ቁም ነገሩ ያለው ጣት ላይ ነው። ተጫዋቹ ጭራውን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ከጎን ነካ አድርጎ ያልፋል። እንደ ጊታር አንገቱ ላይ የተሰመረ መከፋፈያ ስለሌለ ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ፣ እንደ ሰው ጉሮሮ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። አዝማሪው የሚቃኘውም ለራሱ ድምፅ ነው። ዛሬ ጉሮሮው ከከበደው መቃኛዋን ዝቅ ያደርጋል፣ ነገ ከተፈታለት ከፍ ያደርጋታል። ለዘመናት ይህን ለማድረግ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም።

አሁን ግን አጠገቡ ኦርጋን አለ። በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ሠርግ ላይ ማሲንቆ፣ ኦርጋንና የድምፅ ማጉያ አብረው ይቆማሉ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች የአባቶቻቸውን ዜማ ከሬጌ፣ ከሮክና ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ማዋሃድ ይፈልጋሉ። ፍላጎታቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ማን ለማን ይቃኛል የሚለው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ቅኝትን ማወቅ ይጠቅማል። አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታን ብንወስድ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉበትም። የምዕራቡን ሙዚቃ የለመደ ኦርጋኒስት በዚህ ላይ ኮርድ ሲደርብ እጁ ሳያስበው ወደ ፋ ይሄዳል፤ ፋ፣ ላ፣ ዶ ብሎ ይጫናል። ያቺ አንዲት ፋ ገባች ማለት ትዝታው ትዝታ መሆኑ ቀረ። ዘፋኙ ያው ነው፣ ግጥሙ ያው ነው፤ አድማጩ ግን ምን እንደጎደለ ሳያውቅ ይቀዘቅዛል። አንቺ ሆዬማ ይብሳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሲሆን፣ የአዝማሪው ጣት የሚያርፍባቸው ቦታዎች ሁልጊዜ ከኦርጋኑ ቁልፎች ጋር አይገጥሙም።

ችግሩ የዛሬ አይደለም። ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ቀማሪ ሃሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንት በአንድ መድረክ ተቀምጠው አብረው መቃኘት ነበረባቸው። የማሲንቆው ሊቅ ጌታመሳይ አበበ የዚህ ቡድን ሰው ነበር። በሰላም ጓድ የመጣው አሜሪካዊው ቻርለስ ሰተን ማሲንቆን እዚሁ ተምሮ ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ወሰደው፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይም ቀረቡ። በሌላ መንገድ የሄደው ጌታቸው መኩሪያ ነው። በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ የነካካው ጌታቸው የጎጃሜ ደም የሚፈላበትን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን አስጮኸው። መሣሪያው የፈረንጅ ሆኖ ትንፋሹ የአገር ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ከሆላንዱ የሮክ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጣ።

ለጎጃም ልጆች የቅርቡ ምሳሌ ግን እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ ናት። ቻግኒ ተወልዳ፣ ዜማን ቤታቸው ይመጣ ከነበረ ካህን እየሰማች አድጋ፣ በኬንያ በኩል አሜሪካ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ በወጣው አልበም ላይ ቤዝ የተጫወተውና ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ነው፤ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ አብረዋት አሉ። እነዚህ ስሞች የጃዝ ቁንጮዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ስብስብ አንዲትን የሃያዎቹ ዕድሜ ዘፋኝ በቀላሉ ሊውጣት ይችል ነበር፤ አልዋጣትም። «ዓባይ»ን ወይም «ባለ ዋሽንቱ»ን አድምጡ። ቤዙ ታች ሆኖ አንድ ሐረግ እየደጋገመ ይጠብቃታል። ኮርድ እየከመሩ የዜማዋን ቦታ አልያዙባትም። የምታስረዝመውን ታስረዝማለች፣ የምትሰብረውን ትሰብራለች፣ ግጥሙም አማርኛነቱን አይለቅም። ላስዌል ከዓመታት በኋላ የሮክ ባንዱን የጃኖን «ኤርታሌ» አልበም ሲያዘጋጅም ሮክን ከአገር ዜማ ጋር ማጋባት እንደሚቻል ከጂጂ አልበም አስቀድሞ ያየው ይመስለኛል።

ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚያነሱት የምዕራብ አፍሪካን ስኬት ነው። እውነት ነው፣ የጊኒው ሞሪ ካንቴ እ.ኤ.አ. በ1987 ኮራ የተባለውን መሣሪያ ከዳንስ ምት ጋር አዋህዶ «ዬኬ ዬኬ»ን ሲያወጣ ዓለም ጨፍሯል። እንደ አዝማሪ ሁሉ የኮራ ተጫዋቾቹም ሙያውን በዘር የሚወርሱ፣ የሚያወድሱና ታሪክ የሚናገሩ ናቸው። ሆኖም ኮራ 21 ጅማት አለው፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ቤዙንም፣ አጃቢውንም፣ ዜማውንም ይዞ ይጫወታል። ስለዚህ ከድራምና ከኦርጋን ጋር ሲገባ ቦታውን አያጣም። ማሲንቆ ግን ያለው ዜማ ብቻ ነው፣ እሱም የዘፋኙን ዜማ የሚከተል። ኦርጋኒስቱ ያንኑ ዜማ በሌላ እጁ ከያዘበት ማሲንቆው በመድረክ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ በየሠርጉ የምናየው ነው፤ ባለማሲንቆው ደጋኑን ይስባል፣ የሚሰማው ኦርጋን ነው። ለዚህ ክራር ይሻላል የሚሉ አሉ። ለንደን ያለው የተመስገን ዘለቀ ክራር ኮሌክቲቭ ክራርን በኤሌክትሪክ አጉልቶ፣ ሌላ ክራር ቤዝ አድርጎ፣ ከበሮ ጨምሮ ባንድ ሠርቷል። ዋሽንትም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዱ ሸምበቆ አንድ ቁልፍ ብቻ ስለሚሰጥ ነፊው የተለያየ ርዝመት ያላቸውን በርከት አድርጎ ይይዛል፤ ባንዱ በምን ቁልፍ እንደሚጫወት አስቀድሞ ካልነገረው ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የማጉያውም ነገር አለ። የማሲንቆ ቆዳ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይቀበልና ማይኩ ያፏጫል። ባለሙያዎች ትንሽ ማይክ ሳጥኑ ላይ ይለጥፋሉ፣ ከስፒከሩም ፊት ይሸሻሉ። ሙዚቀኛው ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ያደረገው ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ የአገሩን ምትና ዜማ ስቱዲዮ አስገብቶ በኮምፒውተር አነጠረው። አሁን አንድ የማርቆስ ልጅ ላፕቶፕና ጆሮ ካለው የሚያግደው ነገር ትንሽ ነው።

እኔ ገና የምጠብቀው አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራን የመሰለ የቅኔ መፍለቂያ ያለው። አዝማሪውን ከታዳሚ መካከል አንዱ «ተቀበል!» ሲለውና ግጥም ሲወረውርለት ሰምና ወርቁ የሚፈተነው እዚያው ላይ ነው። በአዲሶቹ ዘፈኖች ምቱ ጎልብቷል፣ ግጥሙ ግን ሳስቷል። ተቀበል የሚለው ሰው ማይክ ተሰጥቶት፣ ኦርጋኒስቱ ፋን ትቶ በትዝታ ላይ እየጠበቀ፣ ማሲንቆው ደግሞ ያለ ተፎካካሪ ዜማውን ይዞ የተቀዳ አንድ አልበም ከደብረ ማርቆስ ቢወጣ ገዝቼ አደምጠዋለሁ።