የኤም-ፔሳ ውልደት (ክፍል 2)፦ ብድሩ ወዴት ሄደ?

ባለፈው ሳምንት የስልክ ኩባንያው የቮዳፎን ባልደረባ የሆነውን ኒክ ሂዩዝን የተለየነው በኩባንያው የበጀት ሰዎች ፊት እንደቆመ ነበር። ሐሳቡን ማንም አልጠላበትም። ግን የኬንያ ድሀ ብድሩን በእጅ ስልኩ ይክፈል የሚለው ውጥን፣ ወዲያው ትርፍ ከሚያስገቡ ሌሎች ፕሮጀክቶች ጋር ሲሰለፍ ሁልጊዜ የወረፋው ጭራ ላይ ይቀር ነበር።

በሩን የከፈተው የእንግሊዝ ግብር ከፋይ ነው። የአገሪቱ የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ ካቋቋመው የውድድር ፈንድ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈቀደ፤ ቮዳፎንም የበኩሉን ሊያዋጣ ተስማማ። ለእንዲህ ያለ ግዙፍ ኩባንያ ገንዘቡ ትንሽ ነው። ትልቁ ነገር ኪሳራ ቢመጣ አብሮ የሚሸከም ትከሻ መገኘቱ ነው። እኔ እስከማምነው ድረስ፣ ከ2023 ጀምሮ በእኛም አገር የሚሠራው ኤም-ፔሳ ያለዚያ ትከሻ አይወለድም ነበር።

የሂዩዝ የሥራ ባልደረባ ሱዚ ሎኒ ሥራውን ይዛ ናይሮቢ ገባች። ሙከራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ነው፤ በመሀል ናይሮቢ፣ በማታሬና በቲካ፣ በስምንት ወኪሎችና 500 በማይሞሉ ደንበኞች። ደንበኞቹ ፋውሉ ከሚባለው የአነስተኛ ብድር ተቋም የተበደሩ ነጋዴዎች ናቸው። ስልክ በነፃ ታደላቸው። ብድሩ በስልክ ይገባላቸዋል፣ ጥሬውን ከወኪል ያወጣሉ፣ ክፍያውንም በስልክ ይመልሳሉ። በወረቀት ላይ እንከን የለውም።

ችግሩ ከቢሮ ጀመረ። የፋውሉ ሒሳብ መዝገብ ከስልኩ ሥርዓት ጋር አልናበብ ስላለ ሠራተኞቹ ክፍያውን በእጅ መገልበጥ ግድ ሆነባቸው። የባሰው ደግሞ ተከተለ፦ በስልክ የከፈለ ተበዳሪ፣ እርስ በርስ ዋስ ከሚሆነው የተበዳሪዎች ቡድን ስብሰባ መቅረት ጀመረ። እቁብ የሚጥል አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። የብድሩ ዋስትና ፊት ለፊት መተያየቱ ነበርና።

ሎኒ የዝውውሩን መዝገብ ስታገላብጥ ግን ማንም ያላዘዘው ነገር አገኘች። አንዱ ነጋዴ ባንክ ከተዘጋ በኋላ የቀኑን ሽያጭ ስልኩ ውስጥ ያሳድራል። ሌላው ጉዞ ሲነሣ ገንዘቡን ለወኪል አስረክቦ፣ ከሰዓታት በኋላ በደረሰበት ከተማ ያወጣል፤ ኪሱ ባዶ ስለሆነ ሌባ አያሠጋውም። ገጠር ላለ ዘመድ የአየር ሰዓት ገዝቶ የሚልክም አለ። አንዱ የሌላውን ብድር ከፍሎለት በምትኩ አገልግሎት ይቀበላል።

2006 ገባ፤ የሙከራው ጊዜ እያለቀ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የተሰጠበት የብድር ዕቅድ እያነከሰ፣ ያልታቀደው ግን እየሮጠ ነው። ሙከራው ይዘጋ ወይስ መንገዱን ይቀይር? ቢቀይርስ፣ ባንክ ያልሆነ የስልክ ድርጅት የሰው ገንዘብ እንዲያንቀሳቅስ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ይፈቅዳል?

መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ይጠብቁ።

ይቀጥላል