ፒካፕዎ ሰነፈ? ካምሻፍቱን ከማስነካትዎ በፊት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩ ባለ ፒካፖች አንዱ ከሆኑ ነገሩ እንግዳ አይሆንብዎትም። መኪናው ከአዳማ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን የሰማ ጎረቤት “ካምሻፍቱን አስሞርደው፣ ታይሚንጉም ትንሽ ይቀደም፤ እንደ ፈረስ ይጋልብልሃል” ይላል። ምክሩ ከቅንነት ነው። ነገር ግን የልጆችዎ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚሁ መኪና ከሆነ፣ “እሺ” ከማለትዎ በፊት ይህ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይኖርብዎታል።

ካምሻፍት በሞተሩ ራስ፣ መካኒኮች ቴስታታ በሚሉት ክፍል ላይ የተጋደመ ዘንግ ነው። የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉብታዎች አሉት፤ በዞረ ቁጥር እነዚህ ጉብታዎች ቫልቮቹን እየተጫኑ ይከፍታሉ። አንዱ ቫልቭ አየር ያስገባል፣ ሌላው ጭስ ያስወጣል። ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲሠራ እያንዳንዱ ቫልቭ 1,000 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ከፒስተኖቹ ጋር ሳይጋጭ በአንድ ምት የሚያስኬደው ታይሚንግ ቤልት ወይም ሰንሰለት ነው።

ካም መሞረድ ማለት የጉብታዎቹን ቅርጽ ለውጦ ቫልቮቹ ሰፋ ብለው ወይም ረዘም ላለ ጊዜ እንዲከፈቱ ማድረግ ነው። ለውድድር መኪና ይጠቅማል፤ ሞተሩ በጣም ሲጮህ ጉልበት ይጨምራል። ችግሩ ያን ጉልበት የሚያመጣው ከታች ቀንሶ መሆኑ ነው። ሲሚንቶ ጭኖ ከቃሊቲ የሚነሳ ፒካፕ ደግሞ የሚፈልገው ገና ሲነሳ ያለውን ጉልበት ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ ነገሩ ይብሳል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቫልቩ ጋር ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ ቫልቩ ከተለመደው በላይ ከወረደ ይነካካሉ። አየር ማስገቢያው ዘግይቶ ከተዘጋም የታመቀው አየር ሙቀቱ ይቀንሳል፤ በሐምሌ ብርድ ጠዋት ነጭ ጭስ እያወጣ አልነሳም የሚል መኪና ያተርፋሉ።

ታዲያ ለምን ሰነፈ? አንዱ ምክንያት የምንኖርበት ቦታ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእኛ ሰፈር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ቱርቦ የሌላቸው የቆዩት የሃይሉክስ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 3ኤል እና 5ኤል፣ ጉድለቱ በቀጥታ ይሰማቸዋል። ይህን የትኛውም ካምሻፍት አይፈታውም። ቱርቦ ያላቸው ዲፎርዲዎች አየሩን አምቀው ስለሚያስገቡ ይሻላሉ፤ እነሱ ከሰነፉ የተደፈነ የአየር ወይም የናፍጣ ማጣሪያ፣ የተሰነጠቀ የቱርቦ ቱቦ ወይም የደከመ እንጀክተር ይፈለግ። ርካሹን አስቀድሞ ማየት ነው፤ የአየር ማጣሪያ ለማየት ሞተር አይወርድም።

አዲሶቹ የቤንዚን ሃይሉክሶች (1ቲአርና 2ቲአር) ቪቪቲአይ ያላቸው ከሆኑ የካሙን ጊዜ ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ሥራውን የሚሠራው የሞተር ዘይት ግፊት ነው። ለእነዚህ ትልቁ “ማሻሻያ” ዘይትን በጊዜው መቀየር ነው ብል ማጋነን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙዎቻችን ለካም ማስሞረጃ ገንዘብ ስናስብ ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ አንጠይቅም። 1ኬዲና 2ኬዲ የተባሉት ዲፎርዲዎች ቤልት አላቸው፤ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጡት ጂዲዎች ግን ሰንሰለት። በቆዩት ኤል ሞተሮች ቤልቱ የናፍጣ ፖምፑን ጭምር ያዞራል፤ አንዲት ጥርስ ቢስት ካሙም ናፍጣውም ምት ይስታሉ፣ መኪናው ያጨሳል፣ ይዝላል። ቤልቱ ፈጽሞ ከተበጠሰማ ካሙ ይቆማል፣ ፒስተኑ ግን አይቆምም። ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታዋል፣ ያጎብጠዋል፤ ቴስታታ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ፒስተኑ አብሮ ይሄዳል። ይህ በቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገድ ላይ፣ ቤተሰብ ከኋላ ተቀምጦ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት።

ለኤል ሞተሮች የተለመደው የመቀየሪያ ገደብ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለኬዲዎቹ በብዙ አገሮች 150,000። ዲፎርዲ ላይ ጊዜው ሲደርስ የቤልት መብራት ይበራል። ይሁንና መብራቱን ቤልቱ ሳይቀየርም ማጥፋት ይቻላል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ደግሞ ሰው ይመልሰዋል። ስለዚህ ያገለገለ ፒካፕ ሲገዙ ሻጩ “አዲስ ነው” ቢልዎትም ሽፋኑ ተከፍቶ ይታይ፤ ማስረጃ ከሌለ ቤልቱን ከገዙበት ቀን ጀምረው ያልተቀየረ አድርገው ይቁጠሩት። ከሶማሌ ተራ ቤልት ብቻ ገዝተው አይመለሱ፤ ወጣሪውና የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አብረው ይቀየሩ፤ ያረጀ ኩሽኔታ አዲሱን ቤልት ይበላዋል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ካለም በዚያው ይደፈን፤ ዘይት የነካው ቤልት ዕድሜው አጭር ነው።

በሚቀየርበት ቀን ጋራዡ ውስጥ ቆመው ይጠብቁ። መካኒኩ ምልክቶቹን አገጣጥሞ ቤልቱን ካሰረ በኋላ ቁልፍ ከመንካቱ በፊት ሞተሩን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር እንዲያዞረው ይጠይቁ፤ ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ዞሮ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ምልክቶቹ ዳግም ሊገጥሙ ይገባል። የሆነ ቦታ ላይ ጠንክሮ እምቢ ካለ በኃይል እንዳይገፋው ይንገሩት። ከዚያ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፈው ኮፈኑ ሥር ይለጥፉ፤ አሮጌውን ቤልትም ተቀብለው ይሂዱ።