የፍሬን ካሊፐር መቀየርና አየር ማስወጣት
በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት ግፊቱን ሳያጎድል በሁሉም አቅጣጫ ያስተላልፋል። ይህን ሕግ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያብራራው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአራቱም ጎማዎች ላይ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን የተገጠመለት አውቶሞቢል ማምረት ጀመረ። ፍሬኑ በደንብ የሚሠራው ግን በመስመሩ ውስጥ ፈሳሽ ብቻ ሲኖር ነው፤ አየር ከገባ ፔዳሉ ሲረገጥ አየሩ ስለሚታመቅ በቂ ግፊት ወደ ጎማው አይደርስም። ስለዚህ ካሊፐር በቤቱ ለመቀየር ያሰበ ሰው፣ ብሎን መፍታትና ማሰር የሥራው ቀላሉ ክፍል እንደሆነ፣ ከባዱ ደግሞ በዓይን የማይታየውን አየር ማስወጣት እንደሆነ አስቀድሞ ሊረዳ ይገባል።

ካሊፐር ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ በሁለት ጎን አቅፎ የሚቀመጥ የብረት አካል ነው። የእግርን ኃይል ወደ ፈሳሽ ግፊት ከሚለውጠው ከፍሬን ማስተሩ የሚነሳው ግፊት በቱቦ መጥቶ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ሲገፋው፣ ፒስተኑ የፍሬን ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ፈሳሹ እንዳይወጣ ከመከላከሉም በላይ፣ ፒስተኑ ሲወጣ በትንሹ ይለጠጥና እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ወደ ቅርጹ እየተመለሰ ፒስተኑን ይዞት ይገባል። ጎሚኒው ሲያረጅ፣ ፒስተኑ ሲዝግ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ቅባት ሲያጡ ካሊፐሩ ይነክሳል፤ ያን ጊዜ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፣ ሸራዎቹም እኩል አያልቁም።

ይሁን እንጂ ውስጡ ያበጠ የላስቲክ ቱቦ ፈሳሹን አሳልፎ መመለሻ ስለሚከለክለው ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። የነከሰው ጎማ በካሊፐሩ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ሲላላ ወዲያውኑ ከተለቀቀ፣ ጥፋቱ የሚፈለገው በካሊፐሩ ሳይሆን ከእርሱ በላይ ባለው ቱቦ ወይም ማስተር ነው።

ለመቀየር መኪናው በደልዳላና ጠንካራ ቦታ ላይ ቆሞ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ታኮ ሊደረግላቸው ይገባል፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን የሚያስከፍል ስለሆነ አካሉ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ማረፍ አለበት። በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ካሊፐሮች አብረው ቢቀየሩ ፍሬኑ እኩል ይይዛል። ቱቦውን ከካሊፐሩ ጋር በሚያያይዘው ብሎን ግራና ቀኝ የሚገቡት የመዳብ ቀለበቶች ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለባቸው። የግራውና የቀኙ ካሊፐር ከተለዋወጡ ደግሞ የአየር ማስወጫው ብሎን ወደ ታች ይዞራል፤ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ያኔ የቱንም ያህል ቢደከም አየሩ ከውስጥ ይቀራል።

ፔዳል በመርገጥ አየር ማስወጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። በማስወጫው ብሎን ላይ የሚያሳይ ቱቦ ተሰክቶ ጫፉ ጥቂት የፍሬን ዘይት በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ ረዳቱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ሲይዝ ሠራተኛው ብሎኑን ያላላል፣ ዘይቱና አረፋው ሲወጣም መልሶ ያጠብቃል፤ ረዳቱ እግሩን የሚያነሳው ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው፤ አለዚያ አየሩ ተመልሶ ይሳባል። ይህ አረፋ የሌለበት ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ይደጋገማል፤ በየመሐሉም የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ እንዳይጎድል ይሞላል፤ ከደረቀ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። የጎማዎቹ ተራ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የአምራቹን መመሪያ መከተል ይገባል፤ ጎማ እንዳይቆለፍ በሚከላከለው የኤቢኤስ ክፍላቸው ውስጥ አየር ሲገባ በኮምፒውተር መሣሪያ ካልታዘዘ የማይወጣላቸው መኪኖችም አሉ።

የዘይቱ ዓይነትም ከአሠራሩ ያላነሰ ክብደት አለው። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት ዘይቶች ከአየር እርጥበት ይስባሉ፤ የዶት 3 ዝቅተኛ የመፍያ ልክ አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ውኃ ሲጠጣ ግን 140 ነው፤ የዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍሬኑን ሳያቋርጥ የሚረግጥ አሽከርካሪ መኪናው ያረጀ ዘይት ከያዘበት፣ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ በድንገት ይሰምጣል። ስለዚህ ተከፍቶ የቆየ ወይም ከመኪናው የወጣ ዘይት ተመልሶ መግባት የለበትም፤ የሞተር ዘይትም ጎሚኒዎቹን አሳብጦ መላውን ፍሬን ስለሚያበላሽ ጠብታው እንኳ መጨመር አይገባውም።

በመጨረሻ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ደጋግሞ ይረገጣል፣ ብሎኖቹ አለማንጠባጠባቸው ይታያል፣ ከዚያም ሰው በሌለበት ቦታ በዝግታ ይሞከራል። ፔዳሉ አሁንም ከለሰለሰ መኪናው ተጎትቶ ወደ ባለሙያ መሄድ አለበት፤ ፍሬን መንገድ የሚሻገረው ሕፃንም አዛውንትም የሚተማመንበት ነውና፣ “ምንም አይል” ተብሎ የሚነዳበት ምክንያት የለም።