የአየር መንገድ ማይል የሚሰጡ ክሬዲት ካርዶችና የቤተ ሰብ ጉዞ

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ወደ አገራቸው ለመምጣት ሲያስቡ አስቀድሞ የሚያሳስባቸው የአውሮፕላን መሳፈሪያ ዋጋ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚከፍለውን ገንዘብ እንደ ምንም ይችለዋል፤ አባት፥ እናትና ሦስት ልጆች ሲሆኑ ግን ሒሳቡ በአምስት ይባዛል። ስለዚህ ጉዞው ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል፤ ልጆቹም አያቶቻቸውን በፎቶግራፍና በስልክ ብቻ እያወቁ ያድጋሉ። ይህን ችግር ያቃልላሉ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ፥ ዕቃ በተገዛባቸው ቍጥር የአየር መንገድ ማይል የሚሰጡት ክሬዲት ካርዶች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ካርዶች እንዴት እንደሚሠሩ ማስረዳትና፥ አንድ ቤተ ሰብ ከነርሱ መካከል ሲመርጥ ምን ምን መመርመር እንደሚገባው በሒሳብ አስደግፎ ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተጻፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። የካርዶች ውል ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ፥ የተጠቀሱት የካርድ ደንቦችና ዋጋዎች በ2025 ዓ.ም. እንደ ነበሩት መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሀ/ የማይሉ አመጣጥ

የአሜሪካ መንግሥት በ1978 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የአየር መንገዶችን ዋጋና መሥመር መወሰኑን ተወ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ እርስ በርሳቸው ስለ ተወዳደሩ፥ ደንበኛን የሚያቈዩበት ዘዴ ያስፈልጋቸው ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 ዓ.ም. ተሳፋሪው በበረረው ርቀት ልክ ማይል እየተቈጠረለት፥ የተጠራቀመው ማይል ለነጻ ጉዞ የሚያበቃውን ደንብ አወጣ፤ ዩናይትድም ወዲያው ተከተለው። በዚያው በ1980ዎቹ ዓመታት ባንኮች ከአየር መንገዶች ጋር ተዋውለው፥ ሳይበሩ በመግዛት ብቻ ማይል የሚገኝበትን ካርድ አመጡ።

እዚህ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው፥ የማይሉን ዋጋ የሚከፍለው ማነው? የሚለው ነው። ባለ ካርዱ በገዛ ቍጥር ሻጩ ከሽያጩ ጥቂት እጅ ለባንክ ይከፍላል፤ ይህ ክፍያ በአሜሪካ ለክሬዲት ካርድ በአማካይ ከመቶ 2 ገደማ ነው። ባንኩም ከዚሁ ገንዘብ ከፍሎ ማይሉን ከአየር መንገዱ በጅምላ ይገዛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ይህን ክፍያ ለክሬዲት ካርድ ከመቶ 0.3 እንዳይበልጥ ስለ ወሰነ፥ በአውሮፓ ያሉት ካርዶች እንደ አሜሪካዎቹ ብዙ ማይል ሊሰጡ አይችሉም።

ንግዱም ቀላል አይደለም። ዴልታ በ2024 ዓ.ም. ብቻ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። ዩናይትድም በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ገንዘብ ባጠረው ጊዜ፥ የማይል ክፍሉን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ለመበደር ችሏል። ከዚህ እንደምንረዳው ማይል ስጦታ አይደለም፤ የሚሸጥና የሚለወጥ ሸቀጥ ነው። ስለዚህ እንደ ሸቀጥ ዋጋው ሊመረመር ይገባል።

ለ/ ሦስቱ የካርድ ዐይነቶች

ካርዶቹን በሦስት ክፍል መመደብ ይቻላል።

1ኛ/ በአየር መንገድ ስም የሚወጡ ካርዶች ናቸው። ዩናይትድ ከቼዝ ባንክ፥ ዴልታ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ፥ አሜሪካን ኤርላይንስ ከሲቲ ባንክ ጋር የሚያወጧቸው እንደዚህ ያሉ ናቸው። ማይሉ የዚያ አየር መንገድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከማይሉ በቀር የሻንጣ ክፍያ ያስቀራሉ።

2ኛ/ ባንኩ የራሱን ነጥብ የሚሰጥባቸው ካርዶች ናቸው። ባለ ካርዱ ጉዞው በታወቀ ጊዜ ነጥቡን ወደ መረጠው አየር መንገድ ማይል ይለውጠዋል። ለምሳሌ የቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ 1,000 ነጥብ 1,000 የዩናይትድ ማይል ይሆናል። ጥቅሙ መንገዱ ሳይቈረጥ አስቀድሞ በአንድ ኩባንያ አለመታሰር ነው።

3ኛ/ ገንዘብ የሚመልሱ ካርዶች ናቸው። ከነዚህ አንዳንዶቹ ያለ ዓመታዊ ክፍያ ከመቶ 2 ይመልሳሉ። በአየር መንገድ ካርድ ላይ የሚቀርበው ሒሳብ ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህ በሦስተኛው ዐይነት ነው፤ ምክንያቱም ማይል የመረጠ ሰው ይህን ገንዘብ ትቶ ነውና።

ሐ/ ቤተ ሰቡ ወዴት ይሄዳል?

የመጀመሪያው ጥያቄ የካርዱ ስም ሳይሆን የጉዞው መድረሻ ነው። አየር መንገዶች በሦስት ታላላቅ ማኅበሮች ተደራጅተዋል፤ የአንዱ ማይል በማኅበርተኛው አውሮፕላን ለመሳፈር ያገለግላል። ስታር አላያንስ በ1997 ዓ.ም. ሲመሠረት ዩናይትድ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ገባበት። ስለዚህ በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖር ቤተ ሰብ በዩናይትድ ማይል የኢትዮጵያን አየር መንገድ ቲኬት ቈርጦ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል። የዴልታ ማይል የያዘ ግን በስካይቲም ማኅበር ውስጥ ካሉት፥ ለምሳሌ በኬንያ አየር መንገድ በናይሮቢ በኩል መዞር ይኖርበታል። የአሜሪካን ኤርላይንስ ማይል የያዘም በዋንወርልድ ማኅበርተኛው በቃጣር አየር መንገድ በዶሃ በኩል ይመጣል። ሕፃናትን ይዞ አውሮፕላን መለወጥ ምን ያህል እንደሚያደክም የወለደ ሁሉ ያውቀዋል።

መ/ የሻንጣው ነገር

በአሜሪካ ውስጥ በሚደረግ በረራ ለመጀመሪያው ሻንጣ በአንድ ጉዞ ከ35 እስከ 40 ዶላር ይከፈላል። የአየር መንገድ ካርድ ይህን ያስቀራል፤ ለስንት ሰው እንደሚያስቀር ግን ይለያያል። የዩናይትድ ኤክስፕሎረር ካርድ ለባለ ካርዱና ለአንድ አብሮት ለሚጓዝ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም ቲኬቱ በዚያው ካርድ ከተገዛ ነው። የዴልታ ጎልድ ካርድ በአንድ ቲኬት መዝገብ ውስጥ እስካሉ ድረስ እስከ 9 ሰው ይሸፍናል። የሲቲ ባንክ የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕላቲነም ካርድ ባለ ካርዱንና እስከ 4 ሰዎች ያጠቃልላል። ለብቸኛ ሰው ይህ ልዩነት ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ ለአምስት ሰው ቤተ ሰብ ግን ዋናው ነገር ሊሆን ይችላል። ቲኬቱን በሁለት መዝገብ የቈረጠ ቤተ ሰብም መብቱን በከፊል ሊያጣ ስለሚችል አንድ ላይ መቍረጥ ይሻላል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም ወደ ኢትዮጵያ ለሚደረገው ጉዞ ብዙም አይረዳም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ለሚመጣ ተሳፋሪ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለሻንጣ ሲባል ካርድ የሚያወጣ ሰው በአገር ውስጥ ብዙ የሚበር መሆን አለበት።

ሠ/ የማይል ዋጋ እንዴት ይሰላል?

ስሌቱ ቀላል ነው። ከቲኬቱ የገንዘብ ዋጋ ላይ፥ በማይል ሲቈረጥም የማይቀረውን ቀረጥ መቀነስ፤ የቀረውን በሚጠየቀው ማይል ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል ቲኬቱ 1,300 ዶላር፥ ቀረጡ 100 ዶላር፥ የሚጠየቀው 75,000 ማይል ቢሆን፥ 1,200 ዶላር ለ75,000 ሲካፈል አንዱ ማይል 1.6 የአሜሪካ ሳንቲም ይሆናል። እንደ ጉዞው ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ስለሚችል፥ ለጥንቃቄ 1.5 ሳንቲም እንውሰድ።

አሁን በወር 2,000፥ በዓመት 24,000 ዶላር በካርድ የሚገዛ ቤተ ሰብ እናስብ። ገንዘብ የሚመልሰው ካርድ ከመቶ 2 ሒሳብ 480 ዶላር ይሰጠዋል። የአየር መንገዱ ካርድ ለአንዳንድ ግዢ እጥፍ እየሰጠ 28,000 ማይል ቢያስገኝለት 420 ዶላር ያወጣል፤ ከዚህ ላይ 150 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ሲነሣ የሚቀረው 270 ነው። እንግዲህ የአየር መንገዱ ካርድ በ210 ዶላር ያንሳል ማለት ነው።

ይህን ጕድለት ሻንጣ ሊሞላው ይችላል። ካርዱ ሁለት ሰው ብቻ የሚሸፍን ከሆነ፥ አንድ የደርሶ መልስ ጉዞ በ35 ዶላር ሒሳብ 140 ዶላር ያስቀራል፤ ስለዚህ ካርዱ የሚያዋጣው ቤተ ሰቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲበር ነው። ቤተ ሰቡ አራት ሻንጣ የሚያስገባና ካርዱም ሁሉንም የሚሸፍን ከሆነ ግን፥ አንድ ጉዞ ብቻ 280 ዶላር ስለሚያስቀር ያዋጣል።

ረ/ ለአምስት ሰው የሚበቃ ማይል

ከላይ በተሰላው ዋጋ አምስት ሰው ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት 375,000 ማይል ያስፈልጋል። ዕድሜው ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ የራሱ መቀመጫ ስለሚያስፈልገው እንደ ዐዋቂ ሙሉ ማይል ይጠየቅበታል። በዓመት 28,000 ማይል ብቻ የሚያጠራቅም ቤተ ሰብ እዚህ ለመድረስ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ያን ጊዜ ልጆቹ አድገው ከቤት ይወጣሉ።

ስለዚህ ማይል በብዛት የሚገኘው ከዕለት ግዢ ሳይሆን ካርዱ ሲወጣ ከሚሰጠው የመግቢያ ስጦታ ነው። ባልና ሚስት ተራ በተራ ካርድ አውጥተው፥ የተወሰነውን ያህል ገንዘብ በተወሰነው ወራት ውስጥ ገዝተው፥ እያንዳንዳቸው 60,000 ማይል ቢያገኙ፥ ይህ ከሁለት ዓመት ግዢ ጋር 176,000 ማይል ይሆናል። በዚህም ሁለት ቲኬት ይቈረጣል፤ ሦስቱ በገንዘብ ይገዛሉ። የሚቀረው ወጪ 2,400 ዶላር ነው፤ የሁለቱ ካርዶች የሁለት ዓመት ክፍያ 600 ዶላር ሲነሣለት 1,800 ይሆናል። ገንዘብ የሚመልሰው ካርድ በሁለት ዓመት 960 ዶላር ስለሚሰጥ፥ ትርፉ 840 ዶላር ነው። መጠነኛ ቢሆንም እውነተኛ ትርፍ ነው።

ሁለት ቲኬት በማይል፥ ሦስት በገንዘብ ማድረጉ ሌላም ምክንያት አለው። አየር መንገዶች ለማኅበርተኞቻቸው ማይል የሚለቁት መቀመጫ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በአንድ ቀን አምስት ማግኘት እጅግ ያስቸግራል፤ በክረምት የትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜማ ይብሳል። የባልና የሚስት ማይል በየስማቸው ተበታትኖ እንዳይቀር ደግሞ፥ ዩናይትድ ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 5 ሰው ማይላቸውን አንድ ላይ እንዲያጠራቅሙ ፈቅዷል።

ማይልን ለብዙ ዓመት ማከማቸትም አይመከርም። ዴልታ በ2015፥ ዩናይትድ በ2019 ዓ.ም. ለየጉዞው የሚጠየቀውን ማይል የሚገልጸውን ሠንጠረዥ አንሥተዋል፤ ስለዚህ የሚጠየቀው መጠን ከቀን ወደ ቀን ሊጨምር ይችላል። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም ይህን የመሰለውን አሠራር በመመልከት በ2024 ዓ.ም. በአራቱ ታላላቅ አየር መንገዶች የማይል ደንብ ላይ ምርመራ ጀምሯል።

ሰ/ ወለድና ዕዳ

እስካሁን የተሰላው ሁሉ የሚጸናው የወሩ ዕዳ በየወሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ብቻ ነው። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ሆኗል። የመግቢያ ስጦታውን ለማግኘት ሲል ያለ ዐቅሙ ገዝቶ 3,000 ዶላር ዕዳ ለአንድ ዓመት ያቈየ ሰው፥ ከመቶ 21 ሒሳብ 630 ዶላር ወለድ ይከፍላል፤ ይህም በዓመቱ ግዢ ካገኘው ማይል ዋጋ ይበልጣል። የቈጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው። ዕዳ ያለበት ቤተ ሰብ ካርድ ከመምረጡ በፊት ዕዳውን መጨረስ ይኖርበታል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ሻጮች ለባንክ የሚከፍሉትን በዕቃው ዋጋ ላይ ስለሚጨምሩት፥ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ድኻም ይከፍለዋል። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ባለሙያዎች በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ቤተ ሰብ በዓመት በአማካይ 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚያስተላልፍ፥ ካርድ የሚጠቀመው ቤተ ሰብ ደግሞ በአማካይ 1,133 ዶላር እንደሚያገኝ ገምተዋል። ስለዚህ አንዱ በነጻ በረረ ሲባል፥ ከወጪው ጥቂቱን ካርድ ለማውጣት ያልቻለው ጎረቤቱ ሸፍኖለታል ማለት ነው። ይህ የኢኮኖሚና የሕግ ተማሪዎች ሊመራመሩበት የሚገባ ጕዳይ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው፥ ለሁሉ የሚስማማ አንድ ካርድ እንደሌለ ነው። በአሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከነልጆቹ የሚበርና ሻንጣ የሚያበዛ ቤተ ሰብ፥ ብዙ ሰው የሚሸፍነውን የአየር መንገድ ካርድ ቢይዝ ይጠቀማል። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ብቻ የሚመጣ ቤተ ሰብ፥ ወደ ስታር አላያንስ ማይል የሚለወጥ ነጥብ ወይም የዩናይትድን ማይል አጠራቅሞ፥ ጥቂቱን ቲኬት በማይል፥ ሌላውን በገንዘብ ቢቈርጥ ይሻለዋል። የጉዞው ቀን በትምህርት ቤት ዕረፍት ብቻ የተወሰነበትና ሒሳብ ለመከታተል ጊዜ የሌለው ቤተ ሰብ ግን፥ ገንዘብ የሚመልሰውን ካርድ ይዞ የሚመለሰውን ለቲኬት ቢያስቀምጥ የሚያጣው ጥቂት ነው። ማናቸውንም ቢመርጥ፥ ዓመታዊው ክፍያ በሚጠየቅበት ወር ሒሳቡን እንደገና ሠርቶ፥ ያላዋጣውን ካርድ መመለስ ይገባዋል።