ከድንገተኛ ክፍል ወደ ሜዳ
ከጀመዓችን የሕክምና ተማሪዎች መካከል ኳስ የሚወዱ ጥቂት አይደሉም። በዚህ እትም ሁለቱ የሚገናኙበትን አንድ መንገድ እናያለን፦ ዋና ሥራን ድንገተኛ ክፍል አድርጎ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ስፖርተኞችን ማከም።

መንገዱ በግልጽ ከተዘረጋባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እዚያ በድንገተኛ ሕክምና 3 ወይም 4 ዓመት ሬዚደንሲ የጨረሰ ሐኪም፣ የ1 ዓመት የስፖርት ሕክምና ፌሎውሺፕ ጨምሮ ለቦርድ ፈተና መቀመጥ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ግን የአጥንት ሐኪሞች ድርሻ ነው። በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ዘርፉ ገና ወጣት ነው።

ለማጣመር የሚያመቸው የፈረቃ ሥራ መሆኑ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ በሽተኞቹን ለተረኛው አስረክቦ ይወጣል፤ የእረፍት ቀኑ የራሱ ነው። (ዱቲ ባደሩ ማግስት ክሊኒክ መያዝ ግን ራስንም በሽተኛንም መበደል ነው።)

ከባዱ የአስተሳሰብ ለውጡ ነው። ወለምታን እንውሰድ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ዋናው ጥያቄ «ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም?» የሚል ነው። ካናዳዊው የድንገተኛ ሐኪም ኢያን ስቲል ከባልደረቦቹ ጋር በ1992 ያወጣው የኦታዋ መመሪያ ለዚህ ይረዳል፦ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲጫኑት ካመመ፣ ወይም ተጎጂው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሣል። ካልተሰበረ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሐኪሙም ዳግም ላያየው ይችላል። የስፖርት ሐኪሙ ሥራ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። ጅማቱ ምን ያህል ተጎዳ? መሮጥ መቼ ይጀምር? ይኸው እግር ለምን ሦስተኛ ጊዜ ዞረ? ይህ ትዕግሥትና ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይፈልጋል።

ሜዳ ላይ ደግሞ የድንገተኛ ሐኪሙ ዓይን ዋጋ አለው። ሰኔ 2021 ኮፐንሃገን ላይ ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ሲወድቅ፣ በአላህ ፈቃድ የተረፈው እዚያው ሣሩ ላይ ደረቱ ተጭኖና በዲፊብሪሌተር ታክሞ ነው። ሙቀት የጣለውን ሯጭም መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው። ተመልካቹ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሁሉ «ወጌሻ» ይለዋል፤ ግድ የለም።

አማናው የሚፈተነው ግን ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች «ደህና ነኝ፣ አስገባኝ» ሲል ነው። አሰልጣኙም ደጋፊውም ይጮኻሉ። የአንጎል መናወጥ ከተጠረጠረ በዚያ ቀን መመለስ የለም። በኋላም ወደ ልምምድ የሚመለሰው ደረጃ በደረጃ፣ በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት እየተጠበቀ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በሽተኛው «አድነኝ» ይላል፤ እዚህ «ተወኝ» ይላል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ይህን ሥራ ባይዝ ይሻላል።

ለእኛ የሚጨመርም አለ። በረመዷን የሚጾም ስፖርተኛ ከባድ ልምምዱን ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርግ ውኃ መተካት ይችላል፤ ይህን ከአሰልጣኙ ጋር የሚነጋገርለት ሐኪም ያስፈልገዋል። ብይኑን ዑለማዎች ይናገራሉ፤ ጉዳቱን በሐቅ መግለጽ የሐኪሙ ነው። ፊፋ ከ2014 ጀምሮ ሒጃብ ስለፈቀደ፣ ሴት ሐኪም የሚሹ እህቶችም ሜዳ ላይ አሉ። ለጁሙዓ ደግሞ ፈረቃ መለዋወጥን ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ የእሑዱን የሚወስድላቸውን ባልደረባ የሚጠሉ ብዙ አይደሉም።

ፍላጎቱ ያላችሁ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ከወሰዳችሁ በኋላ፣ በካምፓስ ውድድሮች ከባለሙያ ጋር ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ።