ክሮስኦቨር መኪናን ከፍ ማድረግ ያዋጣልን?

ክረምቱ አልፎ የቡናው ለቀማ ሲደርስ፥ ወደ ሲዳማ፥ ወደ ጌዴኦና ወደ ጅማ የሚመላለሱ ቡና ላኪዎችና ወኪሎቻቸው በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። ከዋናው አስፋልት ወደ ቡና ማጠቢያው የሚገነጠለውን የአፈር መንገድ የኢሱዙ ጭነት መኪናዎች በጭቃው ወራት እየደጋገሙ ስለሚረግጡት፥ ሁለቱ የጎማ መስመሮች እንደ ቦይ ይጎደጉዳሉ፤ መካከሉ ግን ሳይነካ ጉብ ብሎ ይቀራል። ጭነት መኪናው ከፍ ያለ ነውና በላዩ ያልፋል፤ ከኋላው የሚከተለው ራቭ ፎር ወይም ሱባሩ ፎሬስተር ግን ሆዱን እየታከከ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜም በጉብታው ላይ ተቀምጦ ጎማዎቹ በከንቱ ሲሽከረከሩ ይታያል። ከዚህ የተነሣ በሞላው ላይ ቀለበት አስገብቶ ወይም ሞላውን በረጅም ሞላ ለውጦ መኪናውን ከፍ ማድረግ ይሻላል የሚል ሐሳብ በብዙ ሰዎች ዘንድ ተነሥቷል።

ጉዳዩ ሁለት ዓይነት ነጋዴዎችን ይመለከታል። አንደኛው መኪናው የሥራ መሣሪያው የሆነ ሰው ነው፤ መኪናው ለአንድ ሳምንት ጋራዥ ቢውል ግዢው ወይም ርክክቡ ይስተጓጎልበታል። ሁለተኛው ደግሞ ይህን የከፍታ መጨመሪያ ዕቃ ከአውስትራልያ ወይም ከቻይና አስመጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። የተሸጠው ዕቃ መንገድ ላይ ቢበላሽ የሻጩ ስም አብሮ ስለሚነሣ፥ የሁለቱን ጥያቄ በአንድነት መመልከቱ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ክሮስኦቨር የሚባለው መኪና መልኩ የአገር አቋራጭ ይምሰል እንጂ አሠራሩ የቤት አውቶሞቢል ነው። እንደ ላንድ ክሩዘር ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም፤ አካሉና ሻሲው አንድ ወጥ ሆነው የተበየዱ ናቸው። ስለዚህ በአንዳንድ ፒክአፖች ላይ እንደሚደረገው አካሉን ከሻሲው አላቅቆ በመካከሉ ቁራጭ በማስገባት ከፍ ማድረግ አይቻልም። ከፍታው የሚጨመረው በሞላውና በአሞርዛተሩ በኩል ብቻ ነው። በአንድ ነገር ግን ክሮስኦቨሩ ከትልልቆቹ መኪናዎች የተሻለ ዕድል አለው፤ ይኸውም ዲፈረንሺያሉ የተሰቀለው ከአካሉ ጋር ስለ ሆነ፥ አካሉ ከፍ ሲል እርሱም አብሮ ከፍ ይላል። የኋላው አክስል አንድ ወጥ በሆነበት መኪና ሞላውን የቱንም ያህል ቢያስረዝሙት ዲፈረንሺያሉ ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም፤ እርሱን የሚያነሣው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሠራው ሱባሩ ፎሬስተር ሆድና በመሬት መካከል ያለው ክፍተት 220 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህም ከቶዮታ ፕራዶ 150 ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቃል። ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሦስተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ደግሞ 190 ሚሊሜትር ገደማ አለው። እንግዲህ ሁሉም የሚከራከርበት ልዩነት 3 ሳንቲሜትር ነው ማለት ነው። ደግሞም ፋብሪካው የሚጽፈው ቁጥር አዲስ ሞላ ላለውና ጭነት ላልያዘ መኪና ነው። አራት ሰዎች፥ የናሙና ከረጢቶችና ትርፍ ጎማ የያዘ መኪና፥ ሞላውም ለዓመታት በኮብልስቶንና በጠጠር መንገድ የደከመ ከሆነ፥ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ብዙውን ያጣል። ያጣውንም ያህል ባለቤቱ «መኪናው ዝቅተኛ ነው» ይላል እንጂ «ሞላዬ ደክሟል» አይልም።

ስለዚህ አንድ ብር ከመውጣቱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ዋጋውም የአንድ ሜትር ማስመሪያ ነው። መኪናውን ባዶውን በተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ አቁሞ ከቸርኬው መካከል ነጥብ ቀጥ ብሎ እስከ መከላከያው ጠርዝ ድረስ በአራቱም ማዕዘን መለካትና መጻፍ ነው። ይህንም ተመሳሳይ ሞዴል ከሆነና ሞላው አዲስ ከሆነ መኪና ጋር ማስተያየት ይቻላል። ግራና ቀኙ ቢለያይ ወይም የኋላው ከሌላው መኪና 2 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ቢል፥ መድኃኒቱ ከፍታ መጨመር አይደለም፤ የጠፋውን ከፍታ በአዲስ ሞላ መመለስ ነው። የደከመ ሞላ ላይ ቀለበት መደርደር ያዘነበለን ቤት በድጋፍ እንጨት እንደ ማቆም ነው።

ሞላው ደህና ሆኖ መንገዱ አሁንም ከፍታ የሚጠይቅ ከሆነ፥ ምርጫው በስፔሰርና በረጅም ሞላ መካከል ነው። ስፔሰር ማለት በአሞርዛተሩ ጫፍና በአካሉ መካከል የሚገባ የአሉሚኒየም ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ቀለበት ነው። ርካሽ ነው፤ ሥራውም በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሞላውና አሞርዛተሩ የቀድሞዎቹ ስለ ሆኑ የመኪናው አረጋገጥ እምብዛም አይለወጥም። ሻጭም ገዢም የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ቀለበቱ ሞላውን ከነአሞርዛተሩ ወደ ታች ስለሚገፋው፥ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚንጠለጠልበት የመጨረሻ ነጥብ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ረጅም ወይም ጠንከር ያለ ሞላ ግን፥ አሞርዛተሩ የመጀመሪያው እስከ ሆነ ድረስ፥ ይህን የመጨረሻ ነጥብ አይነካውም፤ የሚቀንሰው ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ቀሪ መንገድ ነው። በዚህም የተነሣ አነዳዱ ትንሽ ይጠነክራል፤ ጭነት ሲጫንበት ግን እንደ ቀድሞው አይወርድም።

የመጨረሻው ነጥብ ጉዳይ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ስለ ሲቪ ጆይንቱ ነው። ኃይልን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ በሁለት ጫፉ ሲቪ ጆይንት አለው። የውጭኛው፥ መሪ ሲጠመዘዝ አብሮ እንዲታጠፍ የተሠራ ስለ ሆነ፥ እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ መዞር ይችላል፤ በካምቢዮው በኩል ያለው የውስጠኛው ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያለ መታጠፍን ብቻ ይችላል። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ዘንጉ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ሁለቱም ጆይንቶች ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ሁልጊዜ ታጥፈው ይሠራሉ። ግሪሱን የያዘው የላስቲክ ልባስም እጥፋቱ እየተፋተገ ቶሎ ይቀደዳል፤ ግሪሱ ይወጣል፥ አቧራና ጭቃ ይገባል፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። በ2 ወይም በ3 ሳንቲሜትር ከፍታ ይህ ችግር አነስተኛ ነው፤ በ5 ሳንቲሜትር ግን ባለቤቱ ዘንግና ጆይንት መለወጥን ከመደበኛ ወጪው ጋር እንዲቆጥር ያስገድደዋል።

ለዚህ መላ ይሆናል ብለው አንዳንድ ሠሪዎች ሞተሩንና ካምቢዮውን የተሸከመውን ንዑስ ሻሲ ጭምር በቁራጭ ብረት ዝቅ የሚያደርግ ሙሉ ዕቃ ይሸጣሉ። የዘንጉ ማዘንበል በእርግጥ ይስተካከላል። ነገር ግን ገዢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ንዑስ ሻሲው በ4 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ በ4 ሳንቲሜትር ተመልሶ ከወረደ፥ በመንገዱ መካከል ያለው ጉብታ የሚታከከው ያንኑ ንዑስ ሻሲ፥ በዚያው ከፍታ ነው። የተገኘው ትርፍ ለበሩ ሥር፥ ለመከላከያው አፍንጫና ለትልቅ ጎማ የሚሆን ቦታ ነው። ሆዱን ለማዳን ገንዘብ ያወጣ ሰው ሆዱን አላዳነም።

ከፍታው በማናቸውም መንገድ ቢጨመር የጎማው አቀማመጥ ስለሚዛባ ዊል አላይመንት ማሠራት ግድ ነው፤ አለዚያ አዲስ ጎማ በጥቂት ሺሕ ኪሎ ሜትር አንድ ወገኑ ይበላል። የፍሬኑ ቱቦና በጎማው አጠገብ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ገመድ ጎማው ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ መታየት አለባቸው። ፊቱ ከኋላው አብልጦ ከፍ ካለ መብራቱ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል። በመስተዋቱ ላይ የሚያዩ ካሜራዎች ያሏቸው አዳዲስ መኪናዎችም ካሜራቸው እንደገና መስተካከል ያስፈልገው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ስለ መገልበጥ ጥቂት ሂሳብ እንሥራ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ የመኪናዎችን የመገልበጥ ዝንባሌ ሲመዝን የሚጠቀምበት አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ ይኸውም በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት በክብደቱ መካከለኛ ነጥብ ከፍታ እጥፍ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ስፋቱ 1,560 ሚሊሜትር፥ የክብደቱ ነጥብ ከመሬት 640 ሚሊሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.22 ነው። መኪናው 25 ሚሊሜትር ከፍ ሲል 1.17፥ 50 ሚሊሜትር ከፍ ሲል ደግሞ 1.13 ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው ለመገልበጥ የቀረበ ነው። በዚህ ላይ ጣሪያው ላይ ዕቃ የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ በእኛ አገር ቁልቁለትና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህን ቁጥር በገዛ እጅ ዝቅ ማድረግ የሚያስከትለው ነገር በብር የሚተመን አይደለም።

ደግሞም ከፍታ ሌላ፥ መሬት መቆንጠጥ ሌላ ነው። በብዙዎቹ ክሮስኦቨሮች በመደበኛው ጊዜ የሚጎትተው የፊቱ ጎማ ነው፤ እርሱ ሲንሸራተት በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፍሪሲዮን ለኋላው ያካፍለዋል። ይህ ፍሪሲዮን በጥልቅ ጭቃ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ይግላል፤ ሲግልም ራሱን ለማዳን ሥራውን ያቆማል። ከባድ ዳገት የሚያወጣው ዝቅተኛ ማርሽም በአብዛኞቹ የለም። ስለዚህ ጭቃው ችግር የሆነበት ሰው ገንዘቡን በመጀመሪያ በጎማ ላይ ቢያውል ይበጀዋል። ከ225/65 አር 17 ወደ 235/65 አር 17 ቢሸጋገር ሆዱ የሚነሣው በ6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፥ የፍጥነት መለኪያውም በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳንሳል፤ ነገር ግን ለጭቃ የተሠራ ጥርስ ያለው ጎማ ከ5 ሳንቲሜትር ከፍታ የበለጠ ያሻግራል። አራቱም በአንድ ጊዜ ይለወጡ፤ ሱባሩ በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መካከል ከ6.4 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት እንዳይኖር ያዝዛል። አንድ ጎማ ብቻ አዲስ ገዝቶ ሦስቱን ያረጁ መተው ለባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ከባድ ጥፋት ነው።

የእኛ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። ሞላው የደከመበት ሰው ሞላውን ይለውጥ። ዘወትር በጭነት ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር የሚጨምር ጠንከር ያለ ሞላ ከተስማሚ አሞርዛተር ጋር ያስገባ፤ ከሞተሩ ሥርም የብረት መከላከያ ሳህን ያሠራ፤ ጉብታው መታከኩ ባይቀር እንኳ የዘይት ቋቱን ከመቀደድ ያድነዋል። ከዚህ በላይ ከፍታ የሚያስፈልገው መንገድ ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ሌላ መኪና ነው፤ ለጥቂት ጉዞዎች ከሆነም መከራየት ከመቀየር ይረክሳል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መድን ሰጪው ድርጅት በጽሑፍ ይነገረው፥ በዓመታዊው ምርመራ ይህ ለውጥ ይፈቀድ እንደ ሆነም ይጠየቅ፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚነሣ ክርክር ለማንም አይበጅም።

ለአስመጪው ደግሞ የሚከተለውን እናሳስባለን። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፥ በእጅ ያሉት ራቭ ፎሮችና ፎሬስተሮች ከቀድሞው ይልቅ ለረጅም ዘመን መሥራት ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ ከስፔሰር ይልቅ ጥሩ ሞላ፥ አሞርዛተር፥ የሲቪ ጆይንት ላስቲክና የሞተር ሥር ሳህን ቢገኝ ገበያው የሰፋ፥ ቅሬታውም ያነሰ ይሆናል። ሞላ ሲታዘዝ የመኪናው ሞዴል ኮድ፥ የሞተሩ ዓይነትና የመቀመጫው ብዛት ይጻፍ። ከአውስትራልያ የሚመጣው ዕቃ መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የግራና የቀኝ ሞላው እኩል ያልሆነ አለ፤ ንዑስ ሻሲ ከሚያወርደው ዕቃ ጋር የሚላከው የመሪ ዘንግ ማርዘሚያም ለእኛ የግራ መሪ ላይገጥም ይችላል፤ ስለዚህ ትእዛዙ ከመላኩ በፊት ይህን ሠሪውን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ክሮስኦቨር የገዛ ሰው ስለ ከፍታ ቢጠይቅ ደግሞ፥ ባትሪው በወለሉ ሥር ተዘርግቶ እንደሚገኝና ከመኪናው ሁሉ ውዱ ክፍል እርሱ እንደ ሆነ ነግሮ፥ የዋስትናው ውል ስለ ለውጥ የሚለውን ሳያነብ አንድም ብሎን እንዳያስፈታ መምከር የሻጩ ድርሻ ነው።